ለማን ብለን ነበር የተመኘነው?

ሠላሳን ያለፈ ሰው «ልጅ ሆነህ ምን ለመሆን ነበር የምትመኘው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያደርገውን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ «ተወኝ እባክህ፣ የልጅነት ነገር» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን ማንም ሳይጎተጉተው ራሱ ይጀምራል፤ «እኔ እኮ ያኔ…» ብሎ።

ሥራዬ ሰው ማናገር ስለሆነ ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የባንክ ሠራተኛ፣ የታክሲ ሹፌር፣ ነርስ፣ የሱቅ ባለቤት፣ የመንግሥት ቢሮ ኃላፊ። የመጣሁበትን ጉዳይ ጨርሰን መቅጃውን ሳጠፋ ወሬው ወደዚህ ይዞራል። የምሰማው መልስ ደግሞ ይመሳሰላል። ሐኪም ለመሆን ተመኝቶ ያልሆነለት ሰው ስለ ነጩ ጋወን አያወራም፤ የሚያወራው ጤና ጣቢያ ሳትደርስ መንገድ ላይ ስለሞተች አክስቱ ነው። መምህርት የመሆን ምኞት የነበራት ሴት ጥቁር ሰሌዳውን አትናፍቅም፤ የምታስታውሰው ከኋላ ተቀምጦ ማንም የማይጠይቀውን ልጅ ነው።

ከዚህ ተነስቼ ዛሬ አንድ ነገር ልከራከር ነው። የወጣትነት ምኞት ልብስና ገላ አለው። ልብሱ ሙያው፣ ማዕረጉ፣ ዲግሪው ነው። ገላው «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ብዙዎቻችን ልብሱ ስላልሆነልን ገላውንም አብረን ቀበርነው። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ቢጨመርም፣ ቤት ቢሠራም፣ የሆነ ነገር የጎደለን ይመስለናል። ያንን የጎደለ ነገር መልሶ ለማግኘት የ18 ዓመት ልብሳችንን ከሣጥን አውጥተን ለመልበስ መታገል የለብንም። በዚያ ዕድሜ ማን አሳስቦን እንደነበር አስታውሰን፣ ዛሬ በእጃችን ባለው ነገር ለእሱ ምን ልናደርግ እንደምንችል መጠየቅ ይበቃል። መልሱ አንዳንዴ ሰው ወዳልለመደው መንገድ ይወስዳል።

*ምኞት የሚያስፈራበት ቤት*

ያልተለመደ መንገድ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚጋፈጠው ቤተሰቡን ነው። ተረቱ ዝግጁ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። አልመለስም ካለ ደግሞ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይከተላል። ብዙ ወጣት ይህን የወላጆቹ ጠባብነት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ ትዝታ ነው እላለሁ።

ምክንያቱም እዚህ አገር ወጣት መመኘት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። ከተማ ያደገ ልጅ የጭሰኛውን ጎጆ በዓይኑ አይቶ፣ የገበሬ ልጅ አስተምሮ ይመለሳል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ዘመቱ። ተገዶ የሄደ ነበር፤ እየዘፈነ የሄደም ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሚያስቡት ስለ ራሳቸው ኑሮ ብቻ አልነበረም። «ለሕዝብ» የሚለው ቃል ያኔ ክብደት ነበረው።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ከሁለትና ሦስት ዓመት በኋላ የዚያ ትውልድ ልጆች በጎዳና ላይ ወድቀው ተገኙ። በቀይ ሽብር የሞተው ሞተ፣ የታሰረው ታሰረ፣ የተሰደደው ተሰደደ። ዛሬም በስንት ቤት ሳሎን ግድግዳ ላይ አፍሮ ያበጠረ የአንድ ጉብል ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አለ። ስሙ ሲነሳ አክስቶች ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገች እናት ልጇ «ለሰው የሚጠቅም ነገር መሥራት እፈልጋለሁ» ሲላት የምትሰማው ሌላ ነገር ነው። «ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ» ስትል ምኞትህ አይረባም ማለቷ አይደለም። አንተን መቅበር አልፈልግም ማለቷ ነው።

የእኔ ትውልድ ደግሞ የዚህ ፍርሃት ልጅ ነው። እኛን ማንም ተመኙ አላለንም፤ ቅጽ ሙሉ ነው የተባልነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የ70/30 ፖሊሲ መጣ፤ ከመቶው 70 ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል ምርጫ በቁጥር እየደረደርን ሞላን፤ ከዚያ ምደባ ወጣ። «ምን ደረሰህ?» ተባባልን። ቃሉን ልብ በሉት፤ እንደ ዕጣ ነው የምንናገረው። የደረሰን ተምረን ስንወጣ ለብዙዎቻችን ሥራ አልነበረም። ዲግሪ ይዞ በኮብልስቶን ሥራ የተደራጀ ጓደኛ የሌለው የእኔ ዕድሜ ሰው ጥቂት ነው። ሥራውን አልንቅም፤ ድንጋይ ጠርቦ ቤተሰብ ያስተዳደረ ሰው ክብር ይገባዋል። የምለው ግን ሕልምን በቅጽ ሞልቶ፣ በምደባ ተቀብሎ፣ በሥራ አጥነት ያስረከበ ትውልድ «ዓላማ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ቢስቅ አይገርምም ነው።

*እማሆይ*

አሁን ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ብዙዎቻችሁ ፒያኖዋቸውን ሰምታችኋል፤ ታሪካቸውን ግን ቀስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ እኅታቸው በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት ስንዱ ገብሩ። በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላኩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እዚያ ጀመሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙ ሳይቆዩ ጣሊያን ገባ። ከቤተሰባቸው የተገደሉ አሉ፤ እሳቸውም ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ጣሊያን አገር፣ መጀመሪያ በአሲናራ ደሴት፣ ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ የቫዮሊን መምህር ዘንድ ተማሩ። በቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይለማመዱ ነበር።

ሕልሙ ግልጽ ነበር። ለንደን፣ ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ። የትምህርት ዕድሉ ተገኘ። የመሄጃው ፈቃድ ግን ተከለከለ።

ያኔ የሆኑትን ሲናገሩ ምግብ አቆምኩ፣ ለሞት ደረስኩ ነው ያሉት። ሥጋ ወደሙ ተቀበሉ። ከሞት አፋፍ ሲመለሱ ፒያኖውንም ከተማውንም ትተው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱ፤ መነኮሱ። ዐሥር ዓመት ያህል በዚያ ተራራ ላይ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ሙዚቃ የለም፤ ፒያኖ የለም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ሁለት ዓይነት አንባቢ ይረካ ነበር። አንዱ «አየህ፣ ምኞት ከንቱ ነው» ይላል። ሌላው «ምን ዓይነት ሥርዓት ነው ይህን ያባከነ» ይላል። ግን አላለቀም።

ከዓመታት በኋላ፣ በ1960ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እማሆይ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር ጎንደር ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በየቀኑ የሚያዩአቸው ልጆች ነበሩ፤ ዜማ ሊማሩ ከሩቅ አገር የመጡ፣ ለምነው የሚበሉ፣ ደጅ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። ያላቸው ሙዚቃ ነበር። ስለዚህ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው በጀርመን ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኞች እንዲውል ነበር የታሰበው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የ20 ዓመቷ የውብዳር የፈለገችው የለንደን መድረክ ነበር። መድረኩ አልመጣም፤ መቼም አልመጣም። ሙዚቃው የተመለሰው «የኔ ሕልም» ብለው ሲያሳድዱት አልነበረም። ደጅ ላይ የተኛ ልጅ ሲያዩ ነው የተመለሰው። ልብሱ ከተቀደደ ከብዙ ዓመት በኋላ ገላው በሌላ ልብስ ወጣ፤ በመነኩሲት ቆብ።

ዓለም ደግሞ ዘግይቶ ሰማቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም በትንሽ ክፍል ከፒያኖአቸው ጋር ኖሩ። «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ 21ኛ አልበሙን ለእሳቸው ሲያደርግ ዘመኑ 2006 ነበር፤ እማሆይ 82 ዓመታቸው። በ2023፣ በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። ዝናው ባይመጣ ኖሮ ሕይወታቸው ይጎድል ነበር? አይመስለኝም። ጎንደር ላይ ጉዳዩ አልቆ ነበር።

*ያው ተራራ*

«እሳቸው የከንቲባ ልጅ ናቸው፣ ስዊዘርላንድ የተማሩ» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። እንዲህ ያለ ሙግት መመለስ አለበት። መንገድ ቀይረው የተሳካላቸውን ስንቆጥር የምንጠራቸው ስሞች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነው፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ፤ የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ሠሩ። ሙላቱ አስታጥቄ ዌልስ የሄደው ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ለንደንና ቦስተን ሙዚቃ ተምሮ ኢትዮ ጃዝን ይዞልን መጣ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ግን ሁለቱም ውጭ አገር የመማር ዕድል ያገኙት ዕድሉ እጅግ ጥቂት በነበረበት ዘመን ነው። ወደ እነሱ እየጠቆመ «አንተም ትችላለህ» የሚል የመድረክ ተናጋሪ የአዳሪ ቤቱን ክፍያ ማን እንደከፈለ አይነግራችሁም።

ስለዚህ ወደዚያው ግሸን ልመልሳችሁ፤ በሌላ ሴት።

እ.ኤ.አ. በ1980 ወ/ሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። በልጅነታቸው ሊዳሩ ሲሉ ከቤት ጠፍተው አዲስ አበባ የገቡ፣ በቡና ጥራት ቁጥጥር ሥራ የሚተዳደሩ፣ ባለትዳር ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ 45። ወሎ ተርቦ ነበር። በመንገድ ላይ በሞተች እናቷ ጡት ላይ ያለች ሕፃን አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመቱ ሳያልቅ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባላቸው ከእኔና ከልጆቹ ምረጪ አሉ፤ ልጆቹን መረጡ። ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ኖሩ። በ1986 ድርጅቱ በሕግ ቆመ፤ በ2021 በኮሮና እስከ ሞቱበት ቀን ድረስ እጅግ ብዙ ልጆች በእሳቸው እጅ አድገዋል።

ወ/ሮ አበበች በ20 ዓመታቸው «ትልቅ ድርጅት አቆማለሁ» ብለው የተመኙ አይመስለኝም። ግን በ10 ዓመቷ ከቤት የጠፋች ልጅ በውስጣቸው ነበረች። ሰብሳቢ የሌለው ልጅ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ገላ ነበራቸው። ያ ገላ እስከ 45 ዓመታቸው ጠበቀ።

አንድ ተራራ፣ ሁለት ሴቶች። አንዷ ሕልማቸው ተከልክሎ ወጡ፤ ሌላዋ ሕልም አለኝ ሳይሉ ወጡ። ሁለቱንም ወደ ሥራ የመለሳቸው መንገድ ዳር ያለ ልጅ ነው። ዓላማን በራሳችን ውስጥ ብቻ ቆፍረን የምናገኘው የሚመስለን ሰዎች ይህን ብናስብበት ጥሩ ነው። «ምን እወዳለሁ?» ብሎ ራስን ሲጠይቁ መዋል ብዙ ሩቅ አያደርስም፤ የምንወደው ነገር በየዓመቱ ይለዋወጣል። «ማንን አይቼ ማለፍ አቃተኝ?» የሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ይቆያል።

*የእኔ ጥግ*

ስለ ራሴም ትንሽ ልናገር፤ የሰው ታሪክ ብቻ ይዞ መከራከር አያምርም።

ባደግኩባት ከተማ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ ጸሐፊዎች ይቀመጡ ነበር። ጃንጥላ፣ ጠረጴዛ፣ የካርቦን ወረቀት። አንዱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ክረምት ክረምት ወረቀት እያቀበልኩ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሰዎች መጥተው ሲያወሩ እሰማለሁ። አንዲት እናት የመሬት ጉዳይ ለመናገር ከአያቷ ሠርግ ይጀምራሉ። ጋሼ በትዕግሥት ሰምተው፣ ያን ሁሉ ታሪክ በአንድ ገጽ ያስቀምጡትና ያነቡላቸዋል። ያቺ እናት የራሳቸውን ነገር በወረቀት ላይ ሲሰሙ ፊታቸው የሚሆነውን ዛሬም አልረሳውም። እኔ ጠበቃ እሆናለሁ አልኩ።

ሕግ አልደረሰኝም፤ ማኔጅመንት ደረሰኝ። ቢ.ኤ. ዲግሪዬን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ተቀጠርኩ። ለአራት ዓመት ስብሰባ ተካሄደ፣ ግንዛቤ ተፈጠረ፣ አቅጣጫ ተቀመጠ ብዬ ጻፍኩ። ደመወዙ በሰዓቱ ይገባል፤ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም። ግን በየቀኑ ጠዋት በር ላይ ፋይላቸውን በፌስታል ይዘው የሚሰለፉ ሰዎች ነበሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ በጻፍኩት ዜና ውስጥ አልገባም። እነሱን አልፌ ገብቼ ስለ እነሱ «ተገልጋይ» ብዬ መጻፍ እያቃተኝ ሄደ። ለቀቅኩ።

ዛሬ የምሠራው የጋሼን ሥራ ነው። ጃንጥላው የለም እንጂ። ጠበቃ አልሆንኩም፤ መሆንም አልፈልግም። ረጅሙን የሰው ታሪክ ሰምቼ ራሱ ሲያነበው «አዎ፣ ይኼ ነው የኔ ነገር» እንዲል አድርጌ መጻፍ ግን እፈልጋለሁ።

ዋጋውን ግን አልደብቅም። ያልተለመደ መንገድ ግጥም የሚመስለው ከሩቅ ነው። ከቅርብ የወረቀት ጉዳይ ነው። ባንክ የደመወዝ ማስረጃ ይላል፤ የለኝም። ቤት አከራይ «የት ነው የምትሠራው?» ይላል፤ «ለራሴ» ስል ፊቱ ይለወጣል። ዕቁብ መግባት አልችልም፤ ዕቁብ በየወሩ እኩል የሚገባ ብር ይፈልጋል፤ የእኔ ገቢ አንድ ወር ሞልቶ ሁለት ወር ይደርቃል። የታተመ ጽሑፍ ክፍያ በሦስተኛ ወሩ የመጣበት ጊዜ አለ፤ ጭራሽ ያልመጣበትም አለ። ለሽምግልና የተላኩ አባቶች «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ እርስ በርስ ተያይተዋል። የወሩን ግማሽ የምኖረው ደግሞ በጋዜጠኝነት አይደለም፤ የፕሮጀክት ሪፖርት እየተረጎምኩ ነው። ትርጉሙ ኪራይ ይከፍላል፤ የተረፈው ጊዜ ለሰዎቹ ነው።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። «ሕልምህን ተከተል፣ ገንዘቡ ራሱ ይመጣል» የሚል ሰው ስትሰሙ እንድትጠይቁት ነው። ገንዘቡ ራሱ አይመጣም። ካሰባችሁበት ቀድማችሁ አስቡበት። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ነው።

*ሁሉም ሰው ሥራውን መልቀቅ የለበትም*

ከማውቃቸው ሰዎች ዓላማዋን በጥሩ ሁኔታ መልሳ ያገኘችው ጓደኛዬ ሥራዋን አልለቀቀችም። የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ልጅ ሆና የምትመኘው ማስተማር ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰፈሯ ያሉ እንጀራ ጋጋሪዎችና የጉልት ነጋዴዎችን ሰብስባ ሒሳብ መያዝ ታስተምራለች። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ገቢ፣ ወጪ። ሌላ ነገር የለም።

በሁለተኛው ሳምንት አንዷ እናት ጤፉን፣ ወፍጮውን፣ ማገዶውን፣ የትራንስፖርቱን ሲደምሩ እንጀራውን ከሚያወጡት በታች እየሸጡ እንደነበር አወቁ። ለዓመታት። ማገዶውን ቆጥረውት አያውቁም ነበር፤ የራሳቸውን ጉልበትማ ማን ይቆጥራል? በማግስቱ ዋጋ ጨመሩ፤ ደንበኛ ግን አልሸሸም።

ጓደኛዬ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ የ17 ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። ዲፕሎማ አልተቀበለችም፤ ማንም «ቲቸር» ብሎ አልጠራትም፤ ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ገብታ ያንኑ ኮምፒውተር ከፈተች። ግን ማስተማሩ ተመልሷል። እኔ ከለቀቅኩት ሥራ ይልቅ እሷ ካልለቀቀችው ሥራ ብዙ ሰው የሚማር ይመስለኛል።

ያልተለመደ መንገድ ማለት የግድ ቤት ጥሎ መውጣት አይደለም። በሳምንት ሦስት ሰዓትን ማንም ለማይከፍልበት ነገር መስጠት ዛሬ በዚህ የኑሮ ውድነት በጣም ያልተለመደ ነገር ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ የሦስት ሰዓቷ ነገር ወዴት እንደምትሄድ ማንም አያውቅም።

*ሦስት ጥያቄዎች*

ይህን አንብባችሁ «እኔስ?» ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔን የጠቀሙኝን ሦስት ጥያቄዎች ላካፍላችሁ።

1ኛ፦ በ17 እና በ18 ዓመታችሁ ማንን አይታችሁ ነበር «ይኼ ነገር መለወጥ አለበት» ያላችሁት? ሙያውን እርሱትና ሰውየውን አስታውሱ። ስም፣ ፊት፣ ቦታ። ካልመጣላችሁ የድሮ ጓደኛችሁን ጠይቁ፤ ሰው የራሱን ይረሳል እንጂ ጓደኛ አይረሳም።

2ኛ፦ ከዚያ ወዲህ የተማራችሁት ነገር፣ ሳትፈልጉት የደረሳችሁ ዲግሪ ጭምር፣ ለዚያ ሰው ምን ይጠቅመዋል? እኔ ማኔጅመንት መማሬን ለዓመታት አልወደውም ነበር። ዛሬ የድርጅት በጀት ሳነብ ማን ምን እንደደበቀ የማየው በእሱ ነው። የደረሳችሁ ነገር ሁሉ ባክኖ አልቀረም።

3ኛ፦ ማን ይከፍላል? ኪራዩን፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ የእናትን መድኃኒት። ይህን ጥያቄ ያለማፈር በወረቀት ላይ አስቀምጡት። መልሱ «ዛሬ አይቻልም» ከሆነ የሦስት ሰዓቷን መንገድ ያዙ። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ሥራውን ባለመልቀቁ ምኞቱን አልከዳም።

*ለቀሪዎቻችን*

የመጨረሻው ነገር ያልተለመደ መንገድ ላይ ላለው ሰው የምለው አይደለም፤ በዙሪያው ላለነው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንል የለ? እንግዲህ እናድርገው።

ወላጆቼ ሆይ፣ ልጃችሁ ያልገባችሁን ሥራ ሲሠራ «ምን ትጠቀማለህ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ «ማንን ትጠቅማለህ?» በሉት። መልሱን ስትሰሙ ፍርሃታችሁ ቢቀር እንኳ ልጃችሁን ታውቁታላችሁ። የግድግዳውን ፎቶግራፍ ታሪክም ንገሩት። ያ ጉብል ምን ይመኝ እንደነበር ንገሩት፤ እንዴት እንደሞተ ብቻ አትንገሩት። በሹክሹክታ ያሳደግነው ልጅ ከታሪኩ የሚወርሰው ፍርሃቱን ብቻ ነው።

አሠሪዎችና አዘጋጆች፣ በቁራጭ ሥራ የሚኖር ሰው ክፍያው በሰዓቱ ይድረሰው። ስለ ወጣቶች ሕልም ገጽ ሙሉ ጽሑፍ አትሞ የጸሐፊውን ብር ሦስት ወር ማቆየት አያምርም። በዕቁብ ያላችሁ ደግሞ፣ ገቢው እኩል ለማይመጣ ወዳጃችሁ ግማሽ ዕጣ የሚገባበትን መላ ብትፈልጉ ምን ይላችኋል? ዕቁብ ሰው የሠራው ነገር ነው፤ ሰው ያስተካክለዋል።

የ17 ዓመት ልጅ ስለ ዓለም ብዙ አያውቅም። ኪራይ አያውቅም፤ የጨጓራ መድኃኒት ዋጋ አያውቅም። እኛ ደግሞ ሁለቱንም አሳምረን እናውቃለን። ያ ልጅ የሚያውቀው አንድ ነገር ግን ነበር፤ ማን እንደተጎዳ ያይ ነበር። ዕድሜ ያመጣልንን ዕውቀት ይዘን ያንን ዓይን ብንጨምርበት ምን ልንሠራ እንደምንችል አስቡት።

እስቲ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። ሙያውን ሳይሆን ሰውየውን፦ በ17 ዓመታችሁ ማንን አይታችሁ ነበር ማለፍ ያቃታችሁ?

ቸር ያሰንብተን።